በጨለማ የተሰጠች ጉርሻ

ራጉኤል የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበትን የፌርፋክስ ጎዳና በመኪናው ደጋግሞ ዞረው። ፓርኪንግ ጠፍቶ አይደለም፤ ሰኞ የእትዬ ካሰች ምግብ ቤት ዝግ ስለሆነ በሩ ላይ ቦታ ሞልቷል። የጠፋው የመውረጃ ወኔ ነበር። ጠዋት ኢንግልዉድ ቤቱ ሳለ አንዲት የማያውቃቸው ሴት ደውለው፣ «ሥርጉት እባላለሁ፤ የባሮክን ሞት የማጣራው እኔ ነኝ። ካሰች ቤት ሁላችሁም ትፈለጋላችሁ። መቅረት ትችላለህ፤ ብትቀር ሰው የሚለውን ግን ታውቃለህ» ብለው ጆሮው ላይ ዘጉበት።

ነሐሴ እንደገባ አራት ጓደኛሞች ቦርሳቸውን በጀርባቸው አዝለው ኮስታ ሪካን ሊዞሩ ሄዱ፤ ራጉኤል፣ የእትዬ ካሰች አንድ ልጅ ባሮክ፣ የባሮክ እጮኛ ሰብሊ እና አምደሚካኤል። ሦስቱ በእግራቸው ተመለሱ፤ ባሮክ በሳጥን መጣ። ጫካ መሃል ባለች ማረፊያ፣ ዝናብ እየወረደ፣ ራት ላይ ትንፋሽ አጥሮት ሞተ። የአገሩ ሐኪም ኦቾሎኒ ነው የገደለው አለ። ባሮክን ኦቾሎኒ የነካው ነገር ሁሉ እንደሚጥለው ፌርፋክስ ላይ የማያውቅ የለም። ራቱን የሠራው ደግሞ ራጉኤል ነበር። ዘይቱን ከመንገድ ዳር ሱቅ ገዛው፤ የጠርሙሱ ጽሑፍ ስፓኒሽ ስለሆነ የኦቾሎኒ ይሁን አይሁን ማንበብ አልቻለም፤ ጠርሙሱንም እዚያው ጥሎታል። ሰው በጎሪጥ ሲያየው እንኳ ይችለው ነበር። ያልቻለው ጓደኛውን መግደል አለመግደሉን ራሱም አለማወቁን ነው።

በመጨረሻ ወርዶ ገባ። እትዬ ሥርጉት አዲስ አበባ የፖሊስ መርማሪ፣ እዚህ ደግሞ የኢንሹራንስ ድርጅት አጣሪ ሆነው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቁም። በጠረጴዛዎቹ መሃል ሲንጎራደዱ አገኛቸውና ገና በሩ ላይ ያዙት።

«የዚያን ማታ መብራት የጠፋው መቼ ነው?»

«ገና ትሪውን እንዳቀረብኩ። ሻማ ልፈልግ ኪችን ተመለስኩ።»

«አጉርሰኸው ነበር?»

«እኔ? ገና ከትሪው አልደረስኩም።»

«ሲያንቀውስ ምን አደረጋችሁ?»

«የዶሮ አጥንት መስሎን ጀርባውን መታነው፣ ውሃ ሰጠነው። ኦቾሎኒ ሲነካው የሚወጋው መርፌ ቦርሳው ውስጥ ነበር፣ እትዬ። አጠገቡ! ኦቾሎኒን ማን አሰበ? ማንም እንዳይዝ ቃል ገብተን ነው የወጣነው።»

«ኦኬ» አሉና ወደ ሌሎቹ ወሰዱት።

እትዬ ካሰች ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። አምደሚካኤል ውሃ እየቀዳላቸው ነው፤ ሰብሊ ከጎኑ ተቀምጣለች። ለአርባው «ራጉኤል እንዳይመጣብኝ» ብለው መልእክት የላኩበት እኚሁ እናት ዛሬም ቀና ብለው አላዩትም።

«አምደሚካኤል፣ ቅዳሜ ያልከኝን ድገምልኝ» አሉ እትዬ ሥርጉት።

«ምን ልበልዎት፣ እትዬ? ከአንድ ትሪ ነው የበላነው። ዶሮው ኦቾሎኒ ኦቾሎኒ ይል ነበር። ያኔ ልብ አላልኩትም። ራጉ አውቆ አይደለም፤ ሚስቴክ ነው።»

ይኸው፣ ራጉኤል የፈራው ደረሰ።

«አንቺስ፣ ሰብሊ?»

ሰብሊ አፍንጫዋን ጠረገች። «እኔ ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ አይቀምሰኝም። ጨለማው ውስጥ ባሮክ ‹አጉርሱኝ እንጂ› አለ። አንዱ አጎረሰው። ‹ሁለተኛዋስ?› ብሎ ሳቀ። ከዚያ አነቀው። እኔ አልነበርኩም፤ ራጉ መስሎኝ ነበር።»

«ይሄ ሁሉ ልጄን ላይመልስ!» አሉ እትዬ ካሰች በብስጭት። «አምዴ ባይኖር እስካሁን አብጄ ነበር። ፍልሰታ ሲፈታ እንኳ ለባሮክ ነፍስ ብዬ ስለምነው አብሮኝ ቆረበ። ያኛው ግን ዐይኔን ማየት ፈራ።»

እትዬ ሥርጉት መንጎራደዳቸውን አቆሙ። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ጾሙን ጾሞት ነበር፣ ካሰች?»

«አምዴ? ከልጅነቱ ጀምሮ ፍልሰታን ሽሮ አያውቅም!»

«አምደሚካኤል፣ ያ ራት በፍልሰታ ነው የተበላው። ዶሮ በልተህ ነው የቆረብከው?»

አምደሚካኤል የውሃውን ማንቆርቆሪያ አስቀመጠ። አዎ ቢል በቁርባኑ ቀልዷል፤ አይ ቢል በራጉኤል ላይ ዋሽቷል። እትዬ ካሰች ዐይናቸውን ከፊቱ ላይ አልነቀሉም።

«አልበላሁም» አለ።

«አልበላህማ። ጾመኛ የዶሮ ወጥ ያለበት ትሪ ውስጥ እጁን አይሰድም። ሶ ዶሮው ምን ምን እንደሚል በምን አወቅህ? ለብቻህ ምን በላህ?»

«ሩዝና ባቄላ። እንዳይቀልዱብኝ ጾሜን አልነገርኳቸውም።»

«ራጉኤል ሻማ ፍለጋ ኪችን ነው። ሰብሊ አላጎረሰችም። ስለዚህ ያ እጅ ያንተ ነው። ማጉረስ ደግሞ ነውር የለበትም፤ አጎረስኩት ብትል ማን ይቆጣሃል? የደበቅከው ጣትህ ላይ የነበረውን ስለምታውቅ ነው። ሰብሊ፣ ተራራ የሚወጣ ጾመኛ ጉልበት እንዲሆነው ዳቦው ላይ ምን ይቀባል?»

«የኦቾሎኒ ቅቤ» አለች ሰብሊ። ተነሥታ ወንበሯን ከአምደሚካኤል አራቀች።

እሱ አለቀሰ። «ትንሽ ጣሳ ነበረች፤ ቦርሳዬ ሥር ደብቄያት ነበር። ከራት በፊት ርቦኝ በጣቴ ላስኩ። እጄን በሱሪዬ ጠረግሁት፣ የጠራ መሰለኝ። ሲለምነን ከባቄላው አጎረስኩት።»

«ሲያንቀው ገባህ?»

«ገባኝ።»

«መርፌው አጠገቡ ነበር። ኦቾሎኒ ነው ብትል ይበቃ ነበር።»

«ገደልከው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። አጥንትም ሊሆን ይችላል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ሶሪ፣ እትዬ ካሰች፣ እግርዎ ሥር ልውደቅ…»

«ለጉርሻው ይቅር ይሉህ ይሆናል» አሉ እትዬ ሥርጉት። «ለዝምታህ ግን እኔ አላማልድህም። እሱ ሲሞት ዝም አልክ፤ ከዚያ ደግሞ ይህን ልጅ አስበላህ።»

እትዬ ካሰች የቀዳላቸውን ብርጭቆ ገፉት። በሩን አሳዩት፤ ወጣ።

ራጉኤል ጠረጴዛውን ተደግፎ ቆሟል። ከነሐሴ ወዲህ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር ወረደ፤ ባዶው ቦታ ላይ ግን ባሮክ መጣበትና አለቀሰ። እስከዚያች ሰዓት ለጓደኛው ማልቀስ እንኳ የሚገባው አልመሰለውም ነበር።

«ራጉ» አሉ እትዬ ካሰች። በስሙ ከጠሩት ቆይተዋል። «ያን ዶሮ ወዶት ነበር?»

«ድስቱን እየከፈተ እያሸተተ መቼ አሠራኝ።»

«ኪችን ግባ። እንደዚያው አድርገህ ሥራልኝ።»

«እትዬ…»

«እበላለሁ አልኩህ።»

ዶሮውን ከፍሪጅ አወጣ፤ ሽንኩርቱን ከተፈ። ዘይቱን አነሣና ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ጽሑፉን ይፈልግ ጀመር። እትዬ ካሰች በሩ ላይ ቆመዋል።

«አታንብበው፣ ልጄ» አሉት። «ጨምር።»