ወንፊቱ የጣለው

ወደ ማርስ የሚሄደው የቤተሰብ ድምፅ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይላካል፤ የመነጋገሪያ ጣቢያው ባለሙያ ስንዱ እሱን ሳትሸኝ ቁርስ አትቀምስም። ያን ሐሙስም በአዲሱ ዳሎል ከተማ ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት የተሰበሰበው ድምፅ ወንፊት ውስጥ ገባና በአራት ደቂቃ ተበጥሮ ወጣ። ወንፊት የሚሉት ስንዱ ራሷ የሠራችውን ፕሮግራም ነው። ሰው ከተናገረው ውስጥ አዲስ ወሬ ያለበትን ብቻ ያሳልፋል፤ የቀረውን ይጥላል። የተጣለውን የጣቢያው ሠራተኞች እብቅ ይሉታል። ምን ይደረግ፣ መስመሩ ጠባብ ነው! በረዶ ቆፋሪዎቹ ማርስ ላይ ወደሚኖሩበት ወደ ቀይ ሰፈር ድምፅ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ያውም ወረፋ ጠብቆ። እዚያም መንትያ ወንፊት አለ፤ የእነሱን ድምፅ አበጥሮ ወደዚህ ይልካል። ስንዱ በዚህ ሥራዋ ዓምና ተሸልማለች።

ቁርሷን ልትጀምር ስትል በሩ ተበረገደ።

«ባሌን ምን አድርጋችሁብኝ ነው?»

ወይዘሮ አስካለ ነበሩ፤ የከተማዋ የአትክልት ቤት ተቆጣጣሪ፣ ሃምሳ ያለፋቸው ሴት። ባላቸው ጎንጤ ቀይ ሰፈር ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። በሚቀጥለው መርከብ ይመለሳል ተብሎ መኝታ ቤቱ ሁሉ ቀለም ተቀብቶለታል።

«እትዬ አስካለ፣ ይቀመጡ እንጂ። ምን ሆነ?»

«አልቀመጥም! ይልቅ ይህን ስሚ።»

ስልካቸውን ሲነኩት የጎንጤ ድምፅ ወጣ። «ጉድጓድ ስድስት ተዘጋ። ኮንትራቱን ለስምንት ዓመት ላራዝም ነው። ሐሙስ በስድስት ሰዓት እፈርማለሁ። ከዓምና ጀምሮ ስለ እኔ ጠይቀሽ አታውቂም።»

«እኔ! እኔ አልጠየቅኩም!» አስካለ ደረታቸውን መቱ። «ዘጋኝ ብዬ የተቃጠልኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ዓመት ሙሉ እንደ ዜና አንባቢ የጉድጓድ ቁጥር ሲነግረኝ፣ አንድ ቀን እንኳ እንዴት ነሽ ሳይለኝ! እዚያ ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ሱባዔ ልገባ ነበር እኮ።»

ስንዱ ወደ ማሽኑ ዞረች። ወንፊቱ የተጫነው ዓምና ነው። የአስካለን እብቅ ፈልጋ ከፈተች፤ የትናንትናው ብቻ ዘጠኝ ደቂቃ ነበር።

«ጎንጤዬ፣ እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ጉልበትህስ እንዴት ሆነ? ዛሬ ምን በላህ? ስትወጣ ትደርባለህ? አደራ እንዳይበርድህ፣ በሞቴ ደርብ። እኔ ደህና ነኝ፣ አታስብ። ደህና ነህ ግን?» እያለ ይቀጥላል። ለጎንጤ የደረሰው ይኼ ነው፦ መኝታ ቤቱ ቀለም ተቀባ። የእህትህ ልጅ ተመረቀች። የውሃ ማጣሪያው ተቀየረ።

«ይህ ሁሉ አልደረሰውም?»

«አልደረሰውም።»

«ማነው የጣለው?»

ማሽኑ ተበላሽቶ ነው ማለት ይቻል ነበር። አፏ ድረስ መጥቶላት ነበር። ማሽኑ ግን አልተበላሸም፤ የተማረውን ነው ያደረገው። የደንበኛ ድምፅ ለማስተማሪያ መጠቀም ክልክል ስለሆነ፣ ስንዱ ያስተማረችው ባሏ ተካልኝ በስድስት ዓመት ውስጥ ስልኳ ላይ በተወላት የድምፅ መልእክት ነው። ሦስት ሳምንት ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ጥቅም የለውም ባለችው ላይ ሁሉ ቀዩን ቁልፍ ስትጫን ከረመች። ምሳ በላሽ? ቀይ ቁልፍ። ራስ ምታትሽ ተሻለሽ? ቀይ ቁልፍ። ፀሐዩ ከሯል፣ በጥላ በጥላው ነይ። ቀይ ቁልፍ። እሷን ከሰለቻት ነገር በስተቀር ማሽኑ በራሱ የጨመረው አንዳች ነገር የለም። ተካልኝም መልስ ሲያጣ ጊዜ እየተወው መጣ፤ አሁን የሚደውለው ጉዳይ ካለው ብቻ ነው። እሷ ደግሞ እሰይ፣ ቁም ነገረኛ ሆነልኝ ብላ ነበር!

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለች። «መጣል ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

አስካለ ሰዓቱን አዩ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው።

«አሁኑኑ እንላክለት» አለች ስንዱ እየተንተባተበች። «አጭር ይሁን። እወድሃለሁ ይበሉት፤ እሱን ወንፊቱ እንደ አዲስ ወሬ ያሳልፈዋል።»

«ምን? ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ብዬው የማላውቀውን? ልሞት የደረስኩ ነው የሚመስለው! ደንግጦ ጉድጓድ ይገባብኛል።»

ስንዱ ሳትወድ ሳቀች፤ ወዲያው አፈረች። ወንፊቱን አጠፋችው። ይህ ከሥራ ያስባርራል፤ ለሰው ሁሉ የሚሆነውን መስመር ለአንድ ቤት ብሎ በሌላው ላይ መዝጋት ነውና። የትናንትናውን እብቅ እንዳለ ላከችው፣ የሆነውንም በገዛ ድምፅዋ ጨመረችበት፣ የቀይ ሰፈሩ መንትያ እንዲጠፋም አዘዘች። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ሆነ። አስካለ በመጨረሻ ተቀመጡ።

አራት ሰዓት ሲሆን ድምፁ መጣ። መጀመሪያ የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ነበር።

«አስኩዬ» አለ ጎንጤ። «ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ተሽሎኛል። ደርቤያለሁ። ምነው ቀደም ብለሽ... ኧረ አንቺ ምን ታደርጊ! ፈረምኩ እኮ፣ አስኩ። እስከ ስድስት ሰዓት መጠበቅ አቅቶኝ፣ ይውጣልኝ ብዬ ማለዳ ፈረምኩ። መርከቡ ላይ የነበረኝን ቦታም ወዲያው ለሌላ ሰው ሰጡት። አታልቅሺ እሺ? አደራ።»

አስካለ አላለቀሱም። ያለቀሰችው ስንዱ ናት።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«ስምንት ዓመት» አሉ አስካለ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል። ቆይተው ተነሡ። «ይቅርታውን ዛሬ አልችለውም፣ ልጄ። አልዋሽሽም።» በሩ ጋ ሲደርሱ ዘወር አሉ። «ስንት ቤት ነን?»

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።»

«ስንቷ ትሆን እንደ እኔ ቂም ይዛ የተቀመጠችው! በይ፣ እኔን አውጪና ለቀሩት ደውይ። ጽፈሽ እንዳትልኪ። በአፍሽ ንገሪያቸው።»

ስንዱ ዝርዝሩን አወጣች። ተካልኝ እዚህ ውስጥ የለም፤ ለእሱ ስልክ አይበቃውም፣ ቤት ገብታ ፊት ለፊት ነው የምትነግረው። እንዴት ብላ እንደምትጀምር ግን አላወቀችም። ከላይ ላለው ለመጀመሪያው ስም ደወለች፤ ወይዘሮ ዘውድነሽ የሚባሉ፣ ባለፈው ወር ቀይ ሰፈር ካለው ባላቸው በወረቀት የተፋቱ ሴት ናቸው።

«ከመነጋገሪያ ጣቢያው ነው፣ ስንዱ እባላለሁ፣ አንድ የምነግርዎት...»

«ውይ፣ እንዴት ነሽ የእኔ ልጅ? ደህና ነሽ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው? ሥራውስ፣ በዚህ ሙቀት እንዴት ያደርጋችኋል? ድምፅሽ ምን ሆኗል ደግሞ፣ አመመሽ እንዴ? ውሃ ትጠጫለሽ?»

ስንዱ ልታቋርጣቸው አፏን ከፍታ ተወችው። ሴትየዋ መጠየቃቸውን ቀጠሉ። ያን ሁሉ ደግነት፣ የማይገባት መሆኑን እያወቀች፣ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ ለእያንዳንዱም መለሰች። ደህና ነኝ፤ ደህና ናቸው፤ እጠጣለሁ። ከዚያ ትዳራቸውን ያፈረሰችው እሷ መሆኗን ነገረቻቸው።