ትምህርት አልለቅ ያላት ልጅ

ጎበሳ ከተማ ውስጥ የአቶ ቱሳን ቤት የማያውቅ የለም። እህል ነጋዴ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ሐኪም የወለዱ አባት ስለሆኑ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ ነጭ ጋወን የለበሰውን የልጃቸውን የሰኢድን ፎቶ እያሳዩ «ይሄ ዶክተሩ ነው» ይላሉ። ከዚያ ወደ ሙቢና ዞር ይሉና፣ «እሷ ታላቅ እህቱ ናት፤ ትምህርት አልለቅ ብሏት እስካሁን አለች» ብለው ይስቃሉ። እንግዳውም ይስቃል። ሙቢናም አብራ ትስቅ ነበር... ምን ታድርግ?

ሰኢድ የተመረቀ ጊዜ ወይፈን ታርዶ ሰፈሩ በሙሉ በልቶ ጠጥቷል። ሙቢና ሦስተኛ ዲግሪዋን የያዘች ዕለት ግን አባቷ «ማሻአላህ! እንግዲህ አሁንስ ሥራ ትይዣለሽ?» ነበር ያሏት። አሰላ ባለው ዩኒቨርሲቲ እየተመላለሰች ማስተማር ከጀመረች እኮ ስምንት ዓመት ሆኗታል! ለዚያ ዲግሪ ስትል በሲሬና በአርቦዬ ገጠር አምስት ዓመት ቤት ለቤት ዞራለች። የምታጠናው የአርሲን ሰው እያነቀ የሚገድለውን የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው። ቅጿን ይዛ ስንቱን አባወራ፣ ስንቷን እናት «ምግብ አልወርድ ያለዎት ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላ ጠይቃለች! አካሄዱን እንደ ስሟ ታውቀዋለች። መጀመሪያ ሥጋ ይቆማል፣ ቀጥሎ ቂጣ፣ ከዚያ ገንፎ፣ በመጨረሻ ውሃ።

ባለፈው ዓመት በአረፋ ዕለት ቤተሰቡ ከቦ ሲበላ፣ አባቷ ሥጋውን አኝከው አኝከው በመሐረባቸው ደብቀው ሲተፉት አየች። የያዘችውን ቁራሽ ትሪው ላይ መለሰች።

«አባ፣ ሥጋ አልወርድ ካለዎት ስንት ጊዜ ሆነ?»

«እርጅና ነው ልጄ።»

«አይደለም። ነገ አሰላ ሄደን በመሣሪያ ይታዩ።»

«ቤታችን ሐኪም እያለ በወረቀት ዶክተር አንታከምም» አሉና ለሰኢድ ደወሉለት። ልጃቸው በሩቅ ከተማ ሆስፒታል እየሠራ ለስፔሻሊቲ ፈተና ይዘጋጃል። ሐሳብ እንዳይገባው ብለው «ትንሽ ደረቴን ያቃጥለኛል» ብቻ አሉት። ሙቢና ስልኩን ተቀብላ ያየችውን ሁሉ ነገረችው። ሰኢድ ሳቀ።

«ሙቢ፣ ይህን በሽታ አምስት ዓመት ስትቆጥሪ ኖረሽ አሁን ሰው ሁሉ በሽተኛ መሰለሽ። እኔ ሰው ነው የማክመው። ጨጓራ ነው፤ መድኃኒቱን በቴክስት እልካለሁ።»

ሁለት ጊዜ መኪና ተከራይታ በር ላይ አቆመች፤ ሁለቱንም ጊዜ አልገባም አሉ። «ዶክተር ልጅ እያለው ሌላ ሐኪም ፍለጋ ሄደ ላስብለው? ልጄን በአገር ፊት ላዋርደው?» ሙቢና እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነች። ከዚህ በላይ ምን ታድርግ? አባት በገመድ ታስሮ ሐኪም ዘንድ አይወሰድ! የልጃቸውን ኪኒን እየዋጡ ከረሙ። በሁለተኛው ወር ቂጣው ቆመ። በአራተኛው ገንፎው ቆመ። ያ ጆንያ እንደ ትራስ ያነሣ የነበረ ትከሻ አለቀ፤ እሷም የሚሆነውን ሁሉ አስቀድማ እያወቀች፣ አጠገባቸው ተቀምጣ ወተት በማንኪያ ትሰጣቸው ነበር።

ሰኢድ ፈቃድ አግኝቶ የመጣ ዕለት አባቱን አቅፎ ሰላም ሲል የጀርባቸው አጥንት በእጁ ተቆጠረ። በዚያው ቀን አሰላ፣ በሳምንቱ አዲስ አበባ ወሰዳቸው። መልሱ አንድ ነበር፤ ዘግይቷል። በጊዜ ቢመጡ ኖሮ...

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ቱሳ ሙቢናን ብቻ አስጠሩ።

«ሰው ይጠይቃል ልጄ። ዶክተር ልጅ እያለው እንዴት ሳይታወቅ ቀረ ይላል። ቤት የነበርሽው አንቺ ነሽ። አላየሁም በዪ።»

«አባ! አይቼ እኮ ነግሬዎታለሁ!»

«አውቃለሁ። አንቺ አውቀሽ ነበር፤ ያልሰማሁሽ እኔ ነኝ።» ትንፋሽ አጠራቸው። «እሱ ግን የገዛ አባቱን ሳተ ከተባለ ማን ይታከምበታል? ያንቺ ዶክተርነት የወረቀት ነው፤ ማንም አይፈርድብሽም። ወላሂ በዪኝ።»

ዕድሜዋን ሙሉ ከአባቷ አፍ ልትሰማው የጓጓችው ቃል ይኸው መጣ፤ ለማንም እንዳትናገረው ሆኖ መጣ! እያለቀሰች «ወላሂ» አለች። በሦስተኛው ቀን አቶ ቱሳ አረፉ።

ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አክስቷ ጁወይሪያ ሰው እየሰማ ጠየቀቻት። «በየሰው ቤት እየዞርሽ ስለዚህ በሽታ ስትጠይቂ አልነበር? የአባትሽን እንዴት ሳታዪው ቀረሽ?»

«አላየሁም፣ አክስቴ።»

ሰኢድ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። አንገቱን ደፋ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡላት።

በማግስቱ ጎረቤታቸው እማማ ዘሀራ ወደ ሰኢድ ጠጋ ብለው ደረታቸውን በጣታቸው አሳዩት። እህል እዚያ ጋ እየቆመ አስቸገራቸው። የሰኢድ ፊት ተለወጠ።

«ሙቢናን ይጠይቋት፣ እማማ። ይህን ከእኔ በላይ የምታውቀው እሷ ናት።»

«የአባቷን ያላየች የእኔን ልታይ? ተወኝ ልጄ፤ አንተው ኪኒን ጻፍልኝ።»

ሙቢና አፏን ከፈተች፤ መሐላዋ ትዝ ሲላት መልሳ ዘጋችው። ብትናገር የሙት አደራ በላች፤ ዝም ብትል እኚህ ሴት አለቁ። አምላክ ሆይ፣ ሰው በየት በኩል ይውጣ? ያን ጊዜ ሰኢድ ተነሥቶ ቆመ።

«አይታለች! ደውላ ነግራኛለች! ስቄባት ጨጓራ ነው ያልኩት እኔ ነኝ! አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ!»

ሙቢና ዓይኗን ጨፈነች። የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ከሊፋ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«አያችሁ? የእህቱን ጥፋት በራሱ ላይ ወሰደው! ቱሳ ምን ዓይነት ልጅ ወልዶ ሄደ!»

«እውነቴን ነው!» ብሎ ጮኸ ሰኢድ።

«እሺ ልጄ፣ እሺ። አላህ ይወድሃል» ብለው ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት። ሴቶቹ ለዚያ ደግ ወንድም አዲስ ለቅሶ አነሡ።

ከሁለት ቀን በኋላ እህትና ወንድም እማማ ዘሀራን አሰላ ወስደው አስመረመሯቸው። ዶክተሩ ሰኢድ ስላዘዘ እንጂ አይሄዱም ነበር። በሽታው ያው ነበር፤ ግን በጊዜ ደርሰው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ዳኑ። ከሆስፒታል በወጡ ዕለት የሰኢድን እጅ ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ እጁን ነጥቆ የሙቢናን እጅ አስያዛቸው። እሳቸውም አልሳሙትም፤ መታ መታ አደረጉና «አይዞሽ ልጄ፣ ከወንድምሽ ተማሪ» አሏት።

ዕድል ለአንዱ እውነቱን ሲናገር እንኳ ክብር ይጨምርለታል፤ ለሌላው እውነቱን ከሰጠው በኋላ አፉን ይለጉመዋል። ሙቢና ዛሬም በአርሲ ገጠር ቤት ለቤት ትዞራለች። አንዳንዱ በር ይከፍትላታል፤ አንዳንዱ ደግሞ «የአባቷን ያላየችው» ብሎ ይዘጋባታል። በተዘጋው በር ፊት ትንሽ ትቆምና፣ እንደገና ታንኳኳለች።