ሁለት ፓውንድ ሲቀረው

ከሆርዶፋ ጋር ያጣመረችን ባየሽ ናት። እግዜር ይስጣት፤ ያኔ ግን ረግሜያት ነበር።

ባየሽ ነርስ ናት። በፈረንጆች 2017 መጨረሻ፣ በረዶ በጀመረ ሰሞን፣ ውፍረት ያስቸገረንን ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በስደት በምንኖርባት ሴንት ፖል ከተማ እየሰበሰበች ታከሳን ጀመር። ሕጓ ሁለት ነው። እያንዳንዱ ሰው ጥንድ ይሰጠዋል፤ ጥንዶች በየቀኑ እየተደዋወሉ የበሉትን ሳይዋሹ ይናዘዛሉ። ያቀደው ክብደት ላይ የደረሰ ደግሞ ተጨብጭቦለት ይወጣል፤ ወንበሩን ተራ ለሚጠብቅ ሰው ይለቃል።

እኔ፣ ሮማነወርቅ፣ ኤርፖርት ዊልቸር እገፋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ሁሉን ነገር «ከከሳሁ በኋላ» ብዬ ቀጥሬ የተቀመጥኩ ሴት ነበርኩ። ፎቶ መነሳትን፣ ቀይ ቀሚስ መልበስን፣ ሰው መውደድንም ጭምር።

ሆርዶፋ የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል። ሐኪሙ «እስከ መጋቢት ካልቀነስክ፣ በዚህ የደም ግፊት ለመንጃ ፈቃድህ አልፈርምም» ብሎታል። የሆርዶፋ እንጀራ ደግሞ መሪው ላይ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሥራ ጨርሼ ባቡር ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ፣ አሥር ሰዓት ላይ ደወለ።

«ሽሮ በላሁ» አለ።

«በስንት እንጀራ?»

«እንጀራው ስስ ነው…»

«ሆርዶፋ!»

«በሦስት። ግን እኮ የገና ጾም ነው!»

«ጾሙን እግዜር ይቆጥርልሃል። ዘይቱን ሚዛን ይቆጥረዋል።»

ሳቀ። ከደረቱ ሥር የሚነሳ፣ ዝግ ያለ ሳቅ ነው። ከመስኮቱ ውጭ በረዶው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ መብራቱ፣ ሱቁ፣ መንገደኛው ሁሉ በነጩ ውስጥ ይሟሟል። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ የምወርድበትን ፌርማታ አልፌ ሄድኩ። በማግስቱም አለፍኩ።

የምንናዘዘው ምግብ ሲያልቅ ሌላ ሌላውን ማውራት ጀመርን። አንዳንዴ ደግሞ ምንም አናወራም። ሲተነፍስ እሰማዋለሁ፤ ይበቃኛል። ወደድኩት። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ፣ ወድጄው ነበር።

በስምንተኛው ሳምንት ሁለት ፓውንድ፣ አንድ ኪሎ ገደማ፣ ብቻ ቀረው። ከዚያ ሚዛኑ አልንቀሳቀስ አለ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ያቺው ሁለት ፓውንድ! መጋቢት ደግሞ እየደረሰ ነው። ባየሽ ግራ ገባት።

አንድ ሐሙስ ጫማ ልገዛ ጎረቤት ከተማ ሮዝቪል ሄጄ የሆርዶፋን መኪና አየሁ። ፓርክ አድርጎ ቁጭ ብሏል። ጭኑ ላይ የዶናት ካርቶን ተከፍቷል፤ ያውም በሁዳዴ! ሲበላ ግን ደስ ብሎት አልነበረም፤ መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ፊቱን አጨማድዷል።

መስኮቱን አንኳኳሁ።

«ትናንት ሰላጣ ብቻ አላልከኝም?»

አንገቱን ደፋ። «ሮማኔ፣ ሁለት ፓውንድ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«እኮ! ታዲያ ምን ነካህ?»

«ከወጣሁ ወንበሬን ሌላ ሰው ይወስደዋል። ላንቺም ሌላ ጥንድ ይሰጥሻል።» ቀና ብሎ አየኝ። «አሥር ሰዓት ሲሆን እኔ ምን ልሁን?»

እውነቱን ልናገር፤ ለአፍታ ያህል ዝም ልበለው ብዬ አስቤ ነበር። ዝም ካልኩ አይሄድብኝም። ግን መንጃ ፈቃዱን ያጣል፤ ያ ግፊትም አንድ ቀን ይጥለዋል።

«አንተ ጅል!» አልኩት ካርቶኑን እየነጠቅኩ። «ሞተህ ነው የምትወደኝ? በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ካልወጣህ ስልክህን አላነሳም። እናቴ ትሙት!»

በዚያ ቅዳሜ ሚዛኑ ላይ ቆመ። ባየሽ መነጽሯን አስተካክላ አየችና እልል አለች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም እያጨበጨብኩ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። በገዛ እጄ ነው ያስወጣሁት።

«በል ሆርዶፋ፣ መሰናበቻ ንግግር» አለች ባየሽ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ» አለ፤ ላብ በላብ ሆኗል። «ጥንዴን ይዤ መውጣት እችላለሁ?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«እንዴት ተደርጎ!» አለች ባየሽ ነገሩ ሳይገባት፣ መዝገቧን እያገላበጠች። «ሮማነወርቅ ገና አሥራ ሁለት ፓውንድ ይቀራታል።»

«ግድ የለም፤ እስክትጨርስ እጠብቃታለሁ።»

መጠበቅ! ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቅ የኖርኩት አይበቃም? ብድግ ስል ወንበሩ ሲጢጥ አለ፤ ድሮ ቢሆን በሃፍረት እሞት ነበር።

«ማን ጠብቅ አለህ?» አልኩት፣ እጄን እየዘረጋሁ። «ከነአሥራ ሁለቱ ውሰደኝ።»