የሄሊኮፕተሩ ቃለ ጉባኤ

«ደግመሽ አንብቢው፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አሉ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገሰሰ።

ሣባ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደብዳቤውን እንደገና አነበበች። ከበላይ አካል የመጣው ቃል አጭር ነበር፦ የፖሊስ ሄሊኮፕተር ባለፈው ግንቦት በቀበሌው ላይ ስላደረገው አሰሳ ነዋሪው ተሰብስቦ ግምገማ ያድርግ፤ የተገኘው ጥቅም፣ የታየው ጉድለት፣ በሰውና በንብረት የደረሰው ጉዳት ሳይሸሸግ ይጻፍ፤ ቃለ ጉባኤውም በሦስት ቅጂ ይቅረብ።

«‹ሳይሸሸግ› ነው የሚለው?» ብለው ጠየቁ ወይዘሮ የሺአረግ ከፊተኛው አግዳሚ።

«ሳይሸሸግ ነው፣ እትዬ» አለች ሣባ።

«እኔም በሩ ላይ ተለጥፎ እንደዚያው አንብቤዋለሁ» አሉ፤ ድምፃቸውም ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረ።

ሣባ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተጀርባ ባለው በዚያ ሰፈር የጽሕፈቷ ማማር የታወቀ ስለ ነበር የወጣቶች ማኅበር የስብሰባ ጸሐፊ አድርጎ መድቧታል። ዕለቱ እሑድ ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የሞላው ግን ስለ ሄሊኮፕተሩ የሚናገር ሰው በዝቶ አይደለም። በሩ ላይ የአብዮት ጥበቃው የእያንዳንዱን ቤተሰብ የስኳር መውሰጃ ካርድ ተቀብሎ ያስቀምጣል፤ ስብሰባው ሲያልቅ ይመልሳል። ያልመጣ ሰው የወሩን ስኳር አያገኝም።

የሆነውን የማያውቅ በአዳራሹ አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በፊት እስረኛ አምልጧል ተብሎ ሄሊኮፕተሩ ከረፋዱ ጀምሮ በሰፈሩ ላይ ሲያንዣብብ ቆየ፤ በመጨረሻም ከወይዘሮ የሺአረግ ደጅ በላይ እስከ ባሕር ዛፉ ጫፍ ዝቅ ብሎ ቆመ። በዚያ በ1978 ዓ.ም. የቆርቆሮ ሚስማር ከየሱቁ ጠፍቶ ነበርና ሰው ሁሉ ጣሪያውን የሚያጸናው ድንጋይ በመጫን ነበር። ነፋሱ ቆርቆሮውን እንደ ወረቀት ገለበጠው፤ ድንጋዩም ተወረወረ። የወይዘሮ የሺአረግ አንድያ ልጅ፣ የስድስት ዓመቷ ማሚቱ፣ ሄሊኮፕተሩን ለማየት አንጋጣ ነበር። ግራ ዓይኗ ጠፋ።

አሁን ማሚቱ በእናቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ፣ በነጭ ጨርቅ የታሰረ ራሷን ወዲያና ወዲህ እያዞረች ሰዉን ታያለች። ይህን ያህል ሰው በአንድነት አይታ አታውቅም።

«እሺ፤ ግምገማው ተከፍቷል» አሉ ጓድ ገሰሰ። «አስተያየት ያለው?»

የአስተያየቱ ሥርዓት የታወቀ ነበር። አስቀድሞ የተመረጡ ሦስት ሰዎች እየተነሡ የፖሊስን ንቃት ያመሰግናሉ፤ ከዚያ በኋላ መፈክር ይባላል፤ ከዚያም ካርድ ይመለሳል። ወይዘሮ የሺአረግ ግን ይህን ሥርዓት አላጤኑትም። ጉልት ላይ ጎመንና ቃሪያ እየሸጡ የሚኖሩ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ ፊደል የለዩት ባለፈው ክረምት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያስተማረቻቸውም ሣባ ናት። የተጻፈ ነገር፣ ያውም ማኅተም ያለበት፣ ውሸት ሊሆን ይችላል ብለው አላሰቡም። ልጃቸውን በአግዳሚው ላይ አስቀምጠው ተነሡ።

«ስሜ የሺአረግ ነው። ሂሊኮፍተሩ ከደጄ በላይ ቆመ። ዝቅ አለ። የነጂውን ፊት አይቻለሁ፤ እሱም አይቶኛል። ልጅ አለች፣ ሂድልኝ ብዬ ነጠላዬን አወዛወዝኩለት። አልሄደም። እንዲያውም ባሰበት። ልጄ ዓይኗ ጠፋ። ያመለጠው ሰውዬ ደግሞ ጧት ተይዟል ይላሉ። ከተያዘ ማንን ነበር የሚፈልጉት? ይኸን ጻፉልኝ። ሌላ የምለው የለኝም።»

ሣባ ጻፈች።

«ጨረሱ?» አሉ ጓድ ገሰሰ በትሕትና። «ለመሆኑ ልጅቷን የመታት ሄሊኮፕተሩ ነው?»

«ድንጋይ ነው እንጂ።»

«ድንጋዩን ሄሊኮፕተሩ ነው የጣለው?»

«ኧረ ከጣሪያ ነው። ነፋሱ ነው ያወረደው።»

«ከማን ጣሪያ?»

ወይዘሮ የሺአረግ ወደ ልጃቸው ዞረው ጨርቋን አስተካከሉላት። የሣባ እጅ በወረቀቱ ላይ ቆመ።

ድንጋዩ የተሰበረ መጅ ነበር። የሣባ እናት ብርኽቲ በርበሬ የምትደልዝበት መጅ ለሁለት ሲሰነጠቅ፣ ሣባ ግማሹን ይዛ ጣሪያ ላይ ወጥታ በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ጫነችው። አባቷ ገብረትንሣኤ እንድትጭነው ያዘዛት፣ መሰላል ላይ ሲወጣ ራሱን ስለሚያዞረው ነው። የሁለቱን ቤቶች ግቢ የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነው። ልጅቷ ከሐኪም ቤት በተመለሰች ዕለት ወይዘሮ የሺአረግ መጁን አጥበው አምጥተው፣ ምንም ሳይናገሩ በእነ ሣባ በር ላይ አኑረውት ሄዱ። ጎረቤት ሁሉ አይቷል።

«የማንም ይሁን» አሉ ወይዘሮ የሺአረግ በመጨረሻ። «ጥፋቱ የነፋሱ ነው።»

«የማንም የሚባል ጣሪያ የለም» አሉ ሊቀመንበሩ፤ ትሕትናውም በዚያው አበቃ። «የጎረቤትሽ ካልሆነ ያንቺው ነው። ድንጋይ ጣሪያሽ ላይ ቆልለሽ ልጅሽን ከሥሩ ታቆሚያለሽ፤ ከዚያ መጥተሽ አብዮታዊውን ፖሊስ ትከሺያለሽ!»

«ጎመን አልበቅል ቢላት ድንጋይ ዘርታ ይሆናል!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ። ብዙዎቹ የሳቁት ሌላው ስለ ሳቀ ነው፤ ሳቁ ግን ያው ሳቅ ነበር።

ሣባ አባቷን በዓይኗ ፈለገችው። በመካከለኛው ረድፍ ተቀምጦ ባርኔጣውን በጣቶቹ መካከል ያዞር ነበር። አሁን ይነሣል ብላ ጠበቀች። ባርኔጣው አንድ ጊዜ ዞረ፤ ሁለት ጊዜ ዞረ። አልተነሣም።

«ስለዚህ ጉዳቱ የደረሰው በጓዲት የሺአረግ ቸልተኝነት ነው የሚለው ለድምፅ ይቅረብ» አሉ ጓድ ገሰሰ። «ጥፋቱን የማያምን ሰው የቀበሌ ቤት አይገባውም፤ ይኸም ይታወቅ። የምትደግፉ፣ እጅ!»

እጆች ተነሡ። መጀመሪያ ከፊት፣ ከዚያ ከግራና ከቀኝ፣ ከዚያም ከመካከለኛው ረድፍ። የገብረትንሣኤ እጅ የተነሣው ከብዙዎቹ በኋላ ነው፤ ተነሣ ግን። ማሚቱ ዞራ አየች፤ ይህ ሁሉ ሰው እጁን ማውጣቱ ጨዋታ መሰላትና እየሳቀች የራሷን ትንሽ እጅ ከሁሉም በላይ ዘረጋች።

«ይኸው!» አሉ ጓድ ገሰሰ፤ «ተጎጂዋም ደግፋለች! በሙሉ ድምፅ!»

በዚህ ጊዜ አዳራሹ ከልቡ ሳቀ። ወይዘሮ የሺአረግ የልጃቸውን እጅ ይዘው ቀስ አድርገው አወረዱት።

ግለ ሂሱን ሊቀመንበሩ ራሳቸው እየቆራረጡ አስባሏቸው፤ ወይዘሮ የሺአረግም ቃሉን ተከትለው አሉ። ግራ እጅ ተነሥቶ መፈክር ተባለ። ሰዉ ካርዱን ለመውሰድ ወደ በሩ ሲጋፋ ጓድ ገሰሰ ወደ ሣባ ጎንበስ አሉ።

«ያቺ የተናገረችውን ሰርዢው። ጥቅም በሚለው ሥር የሕዝቡ ጸጥታ ተጠብቋል በይ። ጉድለት፣ የለም። በሄሊኮፕተሩ የደረሰ ጉዳት፣ የለም። ግለ ሂሷን ከሥሩ ጨምረሽ፣ በንጹሕ ገልብጠሽ፣ እሷን አስፈርመሽ፣ ነገ ከትምህርት ቤት መልስ አምጪልኝ።»

በሩ ላይ የክፍል ጓደኛዋ ሐምዛ ጠበቃት። እርሱም የማኅበሩ አባል ነበር።

«አቦ፣ ምን ያስተክዝሻል? ጽፈሽ መገላገል ነው።»

«አንተም እጅህን አወጣህ።»

«ሁለቱንም ላወጣ ነበር፤ አንዱ ስኳር ካርድ ይዞብኝ ነው እንጂ» ብሎ ሳቀ። እርሷ እንዳልሳቀች ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፋራ አትሁኚ፣ ሣባ። የናንተ ድንጋይ መሆኑ ያልተነሣው ዕድላችሁ ሆኖ ነው። ሴትዮዋ አውቃ ዋጠችው። አንቺ ምን ቤት ነሽና ትተፊዋለሽ?»

ቤት ስትደርስ አባቷ ጠረጴዛውን ራሱ ጠርጎ፣ ወረቀትና ካርቦን አዘጋጅቶላት አገኘች።

«የታዘዝሽውን ጻፊ፣ ጓለይ» አላት። በትግርኛ ልጄ ብሎ የሚጠራት ሲቆጣ ወይም ሲፈራ ነው።

«እትዬ የሺአረግ ስማችንን አልጠሩም፣ አባዬ።»

«እኛም የእርሷን አልጠራንም።»

«እጅህን አወጣህ እኮ!»

በጥፊ መታት። እናቷ ብርኽቲ ከጓዳ ብቅ አለችና ሁለቱንም አይታ ተመለሰች። ገብረትንሣኤ የመታበትን እጅ በሌላው እጁ ያዘው።

«አጎትሽ ዑቕባይም እውነት ነበር የተናገረው» አለ። «ይኸው ከታሰረ ሁለት ዓመቱ፤ ስንቅ እንኳ የሚቀበለን የለም። የኔ ስም ወደ ላይ በሚወጣ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ማን ነው፣ የማን ወንድም ነው ይላሉ። የርሷን ስም ግን ማንም አይጠይቅም። እወቂው።»

ሣባ አወቀችው። ተቀምጣም ጻፈች። ካርቦኑን በሦስቱ ወረቀቶች መካከል አኖረች፤ ፊደሎቿም እንደ ወትሮው ያማሩ ነበሩ። ጉድለት፦ የለም። ጉዳት፦ የለም።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቀጥታ ወደ ወይዘሮ የሺአረግ ቤት ሄደች። ማሚቱ በደጁ ላይ ጠጠር ትለቅማለች፤ ጠጠሩ ያለበትን ስፍራ ስትስት ደጋግማ አፈሩን ትጨብጣለች። ሣባ አልፋት ገባች።

«ለፊርማ ነው፣ እትዬ።»

«ቁጭ በይ። መጀመሪያ ላንብበው» አሉ ወይዘሮ የሺአረግ።

ሣባ ይህን አላሰበችውም ነበር። ሌላው ነዋሪ ሁሉ ፈርም በተባለበት ይፈርማል፤ ወይም አውራ ጣቱን ያትማል። ወይዘሮ የሺአረግ ግን ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ይዘው፣ ሣባ ባስተማረቻቸው መንገድ፣ ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር ጣታቸውን እያሳለፉ ማንበብ ጀመሩ። ጉዳት የለም የሚለው ላይ ጣታቸው ረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያም ቀጠሉ።

«‹በ፣ ቸ፣ ል፣ ተ፣ ኝ፣ ነ፣ ቴ›። በቸልተኝነቴ። ትናንት ሲያስብሉኝ እንዲሁ ነው ያልኩት። ምን ማለት ነው?»

ሣባ ወለሉን አየች። «ማድረግ የሚገባዎትን እያወቁ መተው ማለት ነው።»

«እኔ ምን ተውኩ?»

ሣባ እስክሪብቶዋን ከደብተሯ መካከል አወጣች።

«ፊደሉ ያንቺ ነው» አሉ ወይዘሮ የሺአረግ ያለ ቁጣ። «በደንብ አውቀዋለሁ። ሌላ ሰው ቢጽፈው ይኼን ያህል አላነበውም ነበር።» ወረቀቱን በጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። «ካልፈረምኩ ከቤቱ ያስወጡኛል?»

«እንደዚያ ብለዋል።»

«በይ እስክሪብቶውን አምጪ።»

የመጀመሪያውን ፊደል ጀመሩ። ጽፈውም ሳይጨርሱት ሣባ መዳፏን በወረቀቱ ላይ አኖረች።

«ይቆዩ።»

«ምነው?»

«ይኼ አይፈረምም።» ከደብተሯ መካከል ያልተጻፈባቸውን ወረቀቶች አወጣች፤ ካርቦኑንም በየመካከላቸው አስገባች። «ትናንት ያሉትን ሁሉ አስታውሰዋለሁ። ያመለጠው ሰውዬ በስንት ሰዓት እንደ ተያዘ ያውቃሉ?»

ወይዘሮ የሺአረግ ፊቷን፣ በተለይም ገና ያበጠውን ጉንጯን፣ ተመለከቱ።

«አባትሽ ያውቃል?»

«አያውቅም። ጣሪያው ላይ የወጣሁት ግን እኔ ነኝ፤ እሱ አልወጣም። የምጽፈውም እንደዚያ ነው።»

«ልጅ ናት ብለው የሚምሩሽ ይመስልሻል?»

«አይመስለኝም።»

«ገሰሰ ፊትሽ ላይ ይቀደዋል።»

«ሲቀዱት እንደገና እጽፈዋለሁ።»

ወይዘሮ የሺአረግ ወደ ደጁ ተመለከቱ። ማሚቱ አሁንም አፈር ትጨብጣለች። ከዚያም ቀበሌው የሰጣቸውን የቤት ደብተር ከመሶቡ ሥር አውጥተው በጠረጴዛው ላይ፣ በሣባ ፊት አኖሩት። ሊነጠቁ የሚችሉት እርሱ ብቻ ነበር።

«ጻፊ» አሉ። «ሰውዬው አራት ሰዓት ላይ ነው የተያዘው፤ ሂሊኮፍተሩ ከደጄ በላይ የቆመው አምስት ተኩል ላይ ነው። ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም አንብቤዋለሁ።»

ጻፈች። አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ሁለት ስሞች በግርጌው ሰፈሩ፤ አንዱ ፊደል በፊደል ተለቅሞ የተጻፈ፣ ሌላው የጸሐፊዋ።

ወደ ቀበሌው የሚወስደው መንገድ በእነርሱ በር ላይ ያልፋል። ገብረትንሣኤ ከሥራ ተመልሶ በበሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

«ፈረመች?»

«ፈርመዋል።»

ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት ላላ። እጁን ዘረጋ። «እስቲ አሳዪኝ።»

ሣባ የተዘረጋውን እጅ አየችው። ደብተሯን በሁለት ክንዶቿ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ቀበሌው ሊዘጋ ነው፣ አባዬ» አለችና በፊቱ አለፈች።