በመርከቧ ሆድ የቀረ ጠላቂ

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ የመስከረም ዝናብ በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ጎዳናዎች ላይ ሲወርድ፣ ወይዘሮ ውባንቺ አስከሬን የሌለው ለቅሶ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው ንጉሡ በቨርጂኒያ ጠረፍ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቶርፔዶ ተመትታ የሰጠመች የጭነት መርከብ ሊያይ ጠልቆ በሆዷ ውስጥ ቀርቷል፤ የባሕር ጠባቂዎቹም ውኃው ጥልቅ፣ የመርከቧም ብረት የበሰበሰ ነው ብለው ፍለጋውን አቁመዋል።

ንጉሡን መጥለቅ ያስተማሩት የእናቱ ወንድም መቶ አለቃ ሳህሉ ነበሩ፤ እርሳቸውም በምጽዋ የባሕር ኃይል ጠላቂ ሆነው ያገለገሉ፣ ሠራዊቱ ሲበተን በየመን በኩል ተሰደው የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የገቡ ሰው ናቸው። በዚያ ክፉ ቀን ከንጉሡ ጋር የወረደው ባልንጀራው በፈቃዱ ግን ብቻውን ተመልሷል።

በፈቃዱ ወደ ለቅሶ ቤቱ ሲገባ ቦታ የለቀቀለት አልነበረም። የንጉሡ እኅት መዓዛ ብድግ አለች።

«በየትኛው ፊትህ መጣህ? ኮል እንኳን አላደረግክም! ከፖሊስ ነው የሰማነው!»

«መዓዚ፣ እኔ...»

«ስሜን አትጥራ!»

«ተዪው» አሉ እናቲቱ፤ ድምፃቸው ከለቅሶ ብዛት ሻክሯል። «አንተ፣ ልጄን ይዘኸው የወረድከው አንተ ነህ። አውጣልኝ፤ አፈር ላልብሰው።»

«አወጣዋለሁ፣ እትዬ። ለዚሁ ነው የመጣሁት። ቅዳሜ እወርዳለሁ።»

መቶ አለቃው ከተቀመጡበት ተነሡ። «አትወርድም! እዚያ ውስጥ ደለሉ አንዴ ከተነሣ የገዛ እጅህን አታየውም። ደንግጠህ ወደ ላይ ብትሮጥ ደግሞ በደምህ የገባው አየር አረፋ ሆኖ ይገድልሃል። የጓደኛቸውን ሬሳ ሊያወጡ ገብተው ምጽዋ ላይ የቀሩ ወንድሞች አሉኝ።»

«እንግዲያስ አንተ ግባ!» ብለው ጮኹባቸው ወይዘሮ ውባንቺ። «ልጄን ከባሕር ያላመድከው አንተ አይደለህም?»

መቶ አለቃው ፊታቸውን ወደ በፈቃዱ መለሱ። «እስቲ እውነቱን ተናገር። እንዴት ብቻህን ወጣህ?»

በፈቃዱ እስከዚያች ሰዓት ድረስ «ተለያየን» ከማለት በቀር ለማንም የተናገረው አልነበረም።

«ደለሉ ሲነሣ የመመለሻው ገመድ ከእጄ ወጣ። ዓለም ጨለመብኝ፤ በየትኛው በኩል እንደገባሁ እንኳ ጠፋኝ። ከዚያ አንድ እጅ አንጓዬን ያዘኝ፤ እጄን ገመዱ ላይ አስቀመጠና ገፋኝ። ንጉሡ ነው። ከኋላዬ የሚመጣ መስሎኝ ገመዱን ይዤ ወጣሁ። አየሬ ሊያልቅ እስኪደርስ በሩ ላይ ጠበቅሁት። ከጣራው የተንጠለጠለው ሽቦ ይዞት ይሆናል፤ አላውቅም። አልመጣም።»

«ይህን ለምን ሸሸግህ?» አሉ መቶ አለቃው።

«በእሱ ሞት መኖሬን ምን ብዬ ልናገረው?»

ወይዘሮ ውባንቺ ትክ ብለው አዩት፤ በዓይናቸው ውስጥ ርኅራኄ አልነበረም።

«አትወርድም» አሉ። «ልጄ የሰጠህን ነፍስ መልሰህ እዚያው ልትጥላት ነው? ሞቱን ከንቱ አታደርግብኝም። አሁን ከቤቴ ውጣ፤ ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላየው።»

በፈቃዱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ወጣ። መዓዛ በሩን ከኋላው ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ በፈቃዱ ባሕር አልገባም፤ ወይዘሮ ውባንቺም ይቅር አላሉትም። መርከቧን ታሪክ ያውቃታል፤ ከእርሷ ጋር የሰጠሙት መርከበኞች ስም በመታሰቢያ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ስለ ንጉሡ ግን ሹማምንቱ የጻፉት አጭር ነው፤ «ጠላቂው በመርከቧ ውስጥ መንገድ ስቶ ቀረ» ይላል። መንገዱንስ አግኝቶ ለባልንጀራው ያስያዘው እርሱ ነበር፤ ይህንንም የሰሙት በዚያ ለቅሶ ቤት የተቀመጡት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም እስከ ዛሬ ድረስ በፈቃዱን በመንገድ ባዩት ቁጥር ፊታቸውን ያዞራሉ።