የእኔ ማክ፣ የሳህሉ ዊንዶውስ

ኤዲት ያደረግኩት ቪዲዮ ኤክስፖርት እየሆነ፣ ወደ ፋይል እየተቀየረ ነው። የሰው ሰርግ ነው፣ ረጅም ነው። እስኪያልቅ ስለ ሳህሉ ልጻፍ። መሃል ላይ ካቋረጥኩ ደንበኛ ደውሎ ነው።

ያገኘሁት ዋንዴገያ ነው፣ ከአገር ወጥቼ በምኖርበት ከተማ። 2020 መጨረሻ ላይ፣ ኮሮናው ቀለል ብሎ ሱቆች የተከፈቱ ሰሞን። የማክ ላፕቶፔ ቻርጀር አንገቱ ጋ ተልጦ ጭስ ጭስ ማለት ጀምሮ ነበር። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያሉት ሱቆች የማይሸጡት ነገር የለም ሲሉኝ ሄድኩ። ሻጩ ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንድ ነጭ ቻርጀር አወጣ። ዋጋ ልከራከር አፌን ስከፍት ከኋላዬ፣

«እሱን አትግዢው። ያቃጥልብሻል።»

በአማርኛ። ዞርኩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ማስኩን አገጩ ላይ ያወረደ ልጅ። በአንድ እጁ እዚህ ሮሌክስ የሚሉትን ምግብ ይዟል፤ ቻፓቲው ውስጥ የተጠቀለለው እንቁላል ሊያመልጠው ነው።

«ሐበሻ መሆኔን በምን አወቅህ?»

«ቅድም ሻጩን በአማርኛ ስትሰድቢው።»

ሰድቤዋለሁ። ቀርፋፋ ነበር።

«አንተ ምን አገባህ? የሱቁ ባለቤት ነህ?»

«አይደለሁም። ኪቦርድ ልገዛ ነው የመጣሁት። ዊንዶውስ ቢሆን ኖሮ ቻርጀር ጎረቤትሽ ያውስሽ ነበር።»

«ጎረቤቴን አልወደውም።»

ሳቀ። እንቁላሉ ወደቀ።

ትንሽ አለፍ ብሎ ያለ ሱቅ ወሰደኝ። እዚያ ሽቦውን ቆርጠው አዲስ ቀጠሉበት። እስኪጨርሱ ቆመን ተከራከርን፤ ማክ ነው የሚሻለው፣ ዊንዶውስ ነው የሚሻለው። ጨርሰው ቻርጀሩን ሲሰጡኝ አልሰማኋቸውም። ጠጋኙ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ነው የሰጠኝ።

ሳህሉ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተሮቹ ኃላፊ ነው። እኔ ሳሌም እባላለሁ። የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ካንሳንጋ ነው የምኖረው።

ማኬን ለምን እንደምወደው ሰው ይጠይቀኛል። አያስጠብቀኝም። ክዳኑን ከፈት ሳደርገው ትናንት ያቆምኩበት ቦታ ላይ ነው። እኔ ታክሲ እስኪሞላ መጠበቅ አቅቶኝ በእግሬ የምሄድ ሰው ነኝ።

ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ እጮኛ ነበረኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ሁሉን ነገሬን ያስተካክልልኛል። ፀጉሬን፣ ሥራዬን፣ ጓደኞቼን። በመጨረሻ ያልተስተካከለ የኔ ነገር ማኬ ብቻ ቀረ። እሱን ይዤ ከአገር ወጣሁ።

ሳህሉ ደግሞ ዊንዶውስን የሚወደው ስለሚፈታ ነው። ላፕቶፑ ጥቁር ነው፣ ጡብ ያክላል። ግማሹ ብሎን ከሌላ ማሽን የመጣ ነው። ሲበራ ፋኑ ይጮሃል።

ካንሳንጋ እትዬ አስካለማርያም ምግብ ቤት አላቸው። ማታ ማታ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ እዚያ እንገናኛለን። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ላፕቶፕ።

«ሽሮ ነው እንዴ የምትሠራበት? ሲንተከተክ ይሰማኛል» እለዋለሁ።

«ቢያንስ ተፈትቶ ይጠገናል። ያንቺ ከሞተ መቅበር ብቻ ነው።»

«አይሞትም።»

«ሁሉም ይሞታል።»

«ያንተማ በየሳምንቱ ስለሚሞት ለምደኸዋል።»

እትዬ አስካለ ትሪ ተሸክመው ይቆማሉ። «ኧረ ልጆች፣ አንዳችሁ እንኳን ዝጉት! ምግቡን ጭንቅላታችሁ ላይ ላስቀምጠው?»

«እሱ ይዝጋ።»

«እሷ ትዝጋ።»

አንድ ቀን «ለመሆኑ ልዩነቱ ምንድነው?» ብለው ጠየቁን። ሁለታችንም እኩል ጀመርን። «ተዉት፣ ተዉት» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ደንበኛ ደወለ። ተመለስኩ።

ደንበኞቼ የሚልኩልኝ ነገር አንዳንዱ በማክ አይከፈትም። የድሮ ካሜራ ቪዲዮ አለ፣ በድሮ የዊንዶውስ ፕሮግራም የተጻፈ የመዝሙር ዝርዝር አለ። እሱን ይዤ ሳህሉ ጋ እሄዳለሁ። አንዳንዴ ምግብ ቤቱ፣ ከቸኮልኩ ፋብሪካው ድረስ። ፋብሪካው በር ላይ ዘበኛው ቦርሳዬን ያያል፣ ላፕቶፕ ይዤ መግባቴን ይመዘግባል፣ ስወጣም ያንኑ መሆኑን ያያል። ለመደኝ። ሳህሉ ይከፍትልኛል፣ እሄዳለሁ።

ግማሹን ራሴ መክፈት እችል ነበር። አንድ ቀን እንደውም ማኬ ላይ ከፍቼ ያየሁትን ፎቶ ይዤለት ሄድኩ።

«ይሄ እምቢ አለሽ?»

«እምቢ አለኝ።»

ዝም ብሎ ከፈተው። እኔም ዝም ብዬ አየሁ። ፎቶውን አይደለም።

ታኅሣሥ ላይ፣ እትዬ አስካለ ሂሳብ ሲቀበሉ ጠብቆ ነገረኝ።

«የፋብሪካው ሰዎች ክፍለ ሀገር፣ ምባራራ፣ ቅርንጫፍ ሊከፍቱ ነው። ሂድ ብለውኛል። ከገና በኋላ መልስ እሰጣለሁ።»

«እሺ።»

«እሺ ምን?»

«ምን ልበልህ?»

«አትሂድ ካልሽኝ አልሄድም። ግን አትሂድ የምትዪኝ አንድ ቤት ልንገባ ከሆነ ነው፣ ሳሌም። ፋይል ልከፍትልሽ ብቻ አልቀመጥም።»

ዓይኑን ከዓይኔ አላነሳም። እኔ ጨው ማስቀመጫውን አዞርኩት፣ መለስኩት።  መጠበቅ የማልወደው ሰው፣ ሰው አስጠበቅኩ። የሚያስተካክል ሰው ፈርቼ ነው። ሳህሉ ደግሞ ሥራው ማስተካከል ነው።

ለገና ጥቂት ሲቀር የማኬ ባትሪ አብጦ ክዳኑ አልገጥም አለ።

«ስጪኝ፣ እቀይርልሻለሁ» አለኝ።

ፓስወርዴን ነግሬው ሰጠሁት። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ሲመልስልኝ ባትሪው አዲስ ነው። «ይቺን ቁልፍ ተጭነሽ አብሪው» አለኝ። ተጭኜ አበራሁት። ሁለት ምልክት መጣ። አንዱ የኔ። ሌላው ዊንዶውስ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ማክሽ አልተነካም፣ እንዳለ ነው። ዊንዶውስን ከጎኑ ጫንኩልሽ። አሁን ሁሉንም ፋይል ራስሽ ትከፍቻለሽ።»

«ማን አድርግ አለህ?»

«ማንም።»

«ሰው ቤት ገብተህ ሳትጠይቅ ግድግዳ ታፈርሳለህ?»

«ሳሌም፣ እኔ እኮ...»

«ሂድ ምባራራ።»

 ጡብ የሚያክለውን ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ ወጣ። እትዬ አስካለ ሁለት ሳህን ይዘው መጥተው አንዱን መለሱት።

ከዚያ በኋላ ምግብ ቤቱ መምጣት ተወ። እኔም አልደወልኩም።

ከገና በኋላ ባለው እሑድ የእትዬ አስካለ ልጅ ሔሊና አገባች። የኮሮና ሰርግ ነው፣ ጥቂት ሰው ነው። አባቷ ጋሽ በየነ ግን አልነበሩም። አዲስ አበባ ለልብ ኦፕሬሽን ሄደው ቀጠሮ እየጠበቁ ነው። «ሰርጉ እንዳይራዘም፤ ግን ኦፕሬሽን ሳልገባ ልጄን ሙሽራ ሆና ልያት» ብለዋል። ቪዲዮውን የምሠራው እኔ ነኝ። በኢንተርኔት እልካለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

በሳምንቱ አጋማሽ የአገሩ ምርጫ መጣና ኢንተርኔት በሙሉ ተዘጋ። የጋሽ በየነ ኦፕሬሽን ሰኞ ነው። አየር መንገድ የምትሠራው ጸሐይነሽ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ ትበራለች። በፍላሽ ትወስድልሻለች ተባልኩ። ቀንና ሌሊት ሠራሁ። ቅዳሜ ጠዋት ኤክስፖርት በል ስለው፣ ቦታ የለም አለኝ።

ዊንዶውሱ ግማሹን ዲስክ ይዞታል። ውጪ ያለው ሃርድ ዲስኬ በሰርጉ ቀረጻ ጢም ብሏል። እንዴት እንደሚጠፋ አላውቅም፣ ፈልጌ እንዳላነብ ኢንተርኔት የለም።

ስልክ ይሠራ ነበር። ደውዬ ልጠይቀው እችል ነበር። የሞተር ታክሲ አቆምኩ።

ቦዳ ላይ ወጣሁ።

ዘበኛው ቦርሳዬን አየ፣ መዘገበ፣ አስገባኝ። ሳህሉ ቢሮው ውስጥ ነው። ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ።

«ፋይል ይዘሽ መጣሽ?» አለኝ ቀና ሳይል።

«ችግር ይዤ መጣሁ። አንተ የሠራኸውን።»

ስክሪኑን አዞርኩለት፣ ስለ ጋሽ በየነ ነገርኩት። አነበበ። ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄን አላሰብኩም» አለ።

እጁ ወደ ኪቦርዴ መጣ። መሃል ላይ ቆመ። ከዚያ ሁለቱንም እጆቹን ጭኑ ሥር ከቶ ተቀመጠባቸው።

«አንቺ አጥፊው። እኔ እነግርሻለሁ።»

«አንተ ብታደርገው ይፈጥናል!»

«ይፈጥናል።»

እጆቹ አልወጡም። እየነገረኝ አደረግኩት። ይሄን ክፈቺ። እዚህ ግቢ። አይ፣ እሱን አይደለም፣ ከሥሩ ያለውን። ስሳሳት ትከሻው ይንቀሳቀሳል፣ እጁ ግን ከተቀመጠበት አይነሳም። እንደዚያ ሲሰቃይ አይቼው አላውቅም።

«ለምን አደረግከው?» አልኩት ስክሪኑን እያየሁ።

«ካልቸገረሽ ትመጪ እንደሆነ ላውቅ ብዬ።»

የሚቀጥለውን ቁልፍ ተጫንኩ።

«ፋይል ሳትይዢ መጥተሽ አታውቂም። ስለዚህ ፋይሉን ራስሽ ክፈቺው። ከዚያ በኋላ ከመጣሽ፣ ለኔ ነው።»

«መጠየቅ ትችል ነበር።»

«ጠይቄሽ ነበር።»

ውጪ ወፍጮው ይጮሃል።

«ያ ፎቶ» አለ ቆይቶ፣ «ያ አንድ ቀን ያመጣሽልኝ። እሱ በማክ ይከፈታል።»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ከነገርኩሽ ሌላ ቀን መምጣት ትተያለሽ ብዬ።»

ማሽኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ዊንዶውሱ ጠፋ፣ ዲስኩ አንድ ሆነ። ኤክስፖርቱ ጀመረ።

«አሁን እንደገና ልትቸገሪ ነው» አለ።

«ልቸገር።»

እየጠበቅን ሳለ፣ «ጋሽ በየነ በምንድነው የሚያዩት?» አለኝ።

«በወንድማቸው ልጅ ላፕቶፕ።»

«ምን ዓይነት ላፕቶፕ ነው?»

ቀና አልኩ። የያዝኩት ፍላሽ ለማክ ብቻ የተዘጋጀ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ አይነበብም። ለራሴ እንዲመቸኝ ያደረግኩት ነው።

«ዊንዶውስ ነው እንዳትለኝ።»

«እኔ አላልኩም።»

ከመሳቢያው የራሱን ፍላሽ አወጣ። አልሰካውም። ክርኔ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጁን ወደ ጭኑ ሥር መለሰ። አንስቼ ሰካሁት።

ጸሐይነሽን ወደ ኢንቴቤ ልትወጣ መኪና ውስጥ ስትገባ ደረስኩባት።

ሰኞ ኦፕሬሽኑ በሰላም አለቀ። እትዬ አስካለ ስልካቸውን እንደያዙ መጥተው አቀፉኝ።

«እሑድ ማታ ሁለቴ አየው አሉኝ። ሁለቴ! ማነው የሠራው ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አሉት?»

«ሁለት የተኳረፉ ልጆች አልኩት።»

ከዚያ ኢንተርኔት ተመለሰ። የተጠራቀመ ኢሜይል ገባ። ከመሃሉ አንድ ደንበኛ የላከው ዝርዝር በማኬ አልከፈት አለ። ጥሩ ምክንያት ነበር። ትንሽ አየሁት።

ማኩን ዘጋሁት፣ አልጋዬ ላይ ተውኩት። ቦዳ ላይ ወጣሁ።

ፋብሪካው በር ላይ ዘበኛው ቦርሳዬን ሊያይ እጁን ዘረጋ። ቦርሳ የለም።

«ማዳም፣ ዛሬ ኮምፒውተር የለም?»

«የለም።»

«ጠፋ?»

«ቤት ነው።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ፣ ሳህሉን ጠራልኝ። ሳህሉ መጣ። መኪና ላይ ዱቄት የሚጭኑት ሰዎች መሃል ቆመ። ትከሻዬን አየ። ከዚያ እጆቼን አየ።

«ላፕቶፑስ?»

«ቤት ነው።»

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም።»

«ፍላሽ?»

«አልያዝኩም።»

 ነገሩ ሲገባው ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ታየኝ። ቀርፋፋ ነው፣ እንደ ላፕቶፑ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትቼው እሄድ ነበር። ጠበቅኩት።

«እና ለምን መጣሽ?» አለኝ በመጨረሻ።

«አትሂድ ልልህ።»

ይሄው 2022 ነው። ካንሳንጋ አንድ ቤት፣ ሁለት ክፍል፣ ሁለት ጠረጴዛ። እኔ ማክ ነኝ፣ እሱ ዊንዶውስ ነው። ማንም ማንንም አላሳመነም። ሰርጋችን ላይ እትዬ አስካለ ሲመርቁን «ብቻ ላፕቶፑን ገበታ ላይ አታውጡት» አሉ። አናወጣውም።

አሁን ከወዲያኛው ክፍል ሽሮው ሲንተከተክ ይሰማኛል።

ኤክስፖርቱ አለቀ። ልነሳ ነው። አንድ ፎቶ አለኝ፣ ሳህሉ ይክፈትልኝ። በማክም ይከፈታል። ያውቃል። ዝም ብሎ ይከፍትልኛል።