ሁለት ማንኪያ ስኳር

የከባድ መኪናው ሾፌር በመንገድ ዳር ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሞተ። ዳቦውን አንዴ ገምጦታል፤ ብርጭቆው ባዶ ነው። ሐኪሙ መርዝ ነው አለ። ፖሊሶቹም ባለ ሻይ ቤቷን ሊወስዷት ተነሱ፤ ሻዩን ያፈላችው እሷ ናትና። ሰው ሲቸኩል ከፊቱ ያገኘውን ነው የሚያንቀው።

«ቆይ» አላቸው መርማሪው። ነገር አጣርቶ ስለማይጠግብ ባልደረቦቹ «ወንፊት» ይሉታል። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አዘነበለው። ከሥሩ ያልሟሟ ስኳር ተጣብቋል።

መጀመሪያ ከሟቹ ኋላ ተከትሎ የሚነዳውን ጓደኛውን ጠራ።

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«በጭነት ተራ ተጯጯህን። ሾፌር ሳይጯጯህ መንገድ ይገፋል እንዴ?»

«ሻይ እንዴት ነበር የሚጠጣው?»

«ያለ ስኳር ነዋ! ዓመት አልፎታል። እኛማ ‹መራራው› ነው የምንለው።»

ባለ ሻይ ቤቷ ምድጃው አጠገብ ቆማ ታለቅሳለች። ለተራ ደንበኛ እንዲህ አይለቀስም።

«ስኳሩን ማን ጨመረው?»

«እኔ ባዶውን ነው ያቀረብኩት። እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ስኳሩም እዚያው። ሁላችንም እዚሁ ነበርን።»

በዚህ ጉዞ አብራው የመጣችው የሟቹ ሚስት ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«ባልዎ ሻይ በስንት ስኳር ይወዱ ነበር?»

«በሁለት ማንኪያ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያማሰልኩለት እኔ ነኝ።»

«ባልዎ እዚህ ለምን ይቆሙ እንደነበር ያውቃሉ?»

«እሷን ይጠይቋት!» አለች በአገጯ ወደ ምድጃው እያመለከተች። «በየጉዞው ጓዳዋ ገብቶ ነው የሚወጣው። አገር ሁሉ ያውቃል፤ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ።»

ወንፊት ጓዳ ገብቶ ማቀዝቀዣውን ከፈተ። ሲመለስ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«ስኳሩ የገባው የመርዙን ምሬት ሊሸፍን ነው» አለ። «ሁለታችሁ ግን ስኳር እንደማይነካ ታውቃላችሁ። ፉት ብሎ እንደሚመልሰው እያወቀ ማን ይጨምርበታል? ያላወቀ ብቻ።»

«ካልወደደው ለምን ጨለጠው ታዲያ?» አለች ሚስቱ።

«ከሌላ ሰው እጅ ቢሆን ይመልሰው ነበር። ለእርስዎ ቢመልስ ግን ‹ለምን?› ይሉታል። ያንን ነው የፈራው።» ትንሽ ሣጥን ከፊቷ አኖረ። «የስኳር በሽታ መድኃኒት ነው። ጓዳ የሚገባው ይህን ሊወጋ ነው።»

«ወንድምሽ የስምሪት ኃላፊ ነው» አለች ባለ ሻይ ቤቷ፣ እንባዋን በመሐረቧ እየጠረገች። «‹ከሰማ ከመሪው ያወርደኛል፤ ለእሷ ከነገርኳት ደግሞ ለወንድሟ ሳትነግር አታድርም› ይለኝ ነበር። አደራ አለኝ፣ ዝም አልኩ። ሌላ ምንም የለንም፣ እህቴ። ምንም።»

ጓደኛው ኮፍያውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። ሚስቱ ሣጥኑን አልነካችውም። ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ ቀስ ብላ ተናገረች።

«እኔ ነኝ ያቀበልኩት። አንዴ ፉት ሲል ፊቱ ተቀየረ። ነቃብኝ አልኩ በልቤ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና ‹እጅሽ ይባረክ› ብሎ ጨለጠው።»